አንድ እርምጃ የሚሞላው ዐውድ

በኖርስቦሪ፣ ስቶክሆልም ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

ከኖርስቦሪ ወደ አዲስ አበባ የምትደውል ልጅ፣ እናቷ «ሦስት ሰዓት ላይ ደውዪልኝ» ካሏት በሐሳቧ አራት ትጨምራለች፤ የስቶክሆልም ሰዓት ሰባት ሲል ስልኳን ታነሣለች። ቀጠሮው አሥር ሰዓት ከሆነ አሥርና አራት አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለቱ ሲወጣ ሁለት። ይህ በብርዱ ወራት ነው። ስዊድን ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ስለምትገፋ፣ ያኔ የሚጨመረው አምስት ይሆናል፤ የእናት ሦስት ሰዓት የልጅ ስምንት ሰዓት ነው። ከሐበሻ ሰዓት ወደ ፈረንጅ ሰዓት ለመሻገር ስድስት ይጨመራል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም ለመሻገር ደግሞ እንደ ወራቱ ሁለት ወይም አንድ ይቀነሳል። አራቱና አምስቱ የመጡት ከዚህ ነው።

ስደተኛ ሁሉ ሳይጽፍ የሚሠራው ይህ ስሌት፣ የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪዎች በአብስትራክት አልጀብራ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚያገኙት ሳይክሊክ ግሩፕ የተባለው ነገር ነው። ስሙ ያስፈራል። ነገሩ ግን ከኢትዮጵያውያን እጅ ርቆ አያውቅም፤ ሰዓት ላይ አለ፣ በወሩ የቅዱሳን በዓላት ውስጥ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፋሲካን ቀን በሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ከነሙሉ ሥርዓቱ ተቀምጧል። ሒሳብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር ነው የሚል አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። የኔታ በአበቅቴና በመጥቅዕ ሲያስተምሩት የኖሩትን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን ይህን አይልም።

መጀመሪያ ግሩፕ ምን እንደሆነ ይታይ። የነገሮች ስብስብ አለ፤ ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛ የሚሰጥ አሠራር አለ። ከ1 እስከ 12 ያሉት ሰዓቶች ስብስቡ ናቸው፤ መደመርና 12 ሲሞላ 12ን መጣል አሠራሩ ነው። አራት ነገሮች ይጠየቃሉ። ውጤቱ ከስብስቡ እንዳይወጣ፤ 10 እና 4 ተደምረው 2 ስለሚሰጡ አይወጣም። ሦስት ቁጥሮች ሲደመሩ ከየትኛው ጥንድ ቢጀመር ልዩነት እንዳያመጣ። ምንም የማይለውጥ አንድ አባል እንዲኖር፤ በሰዓቱ ላይ 12 የባዶን ሥራ ይሠራል፣ 12 ሰዓት የተጨመረበት ሰዓት ያው ሰዓት ነውና። በመጨረሻም እያንዳንዱ አባል መላሽ እንዲኖረው። የ4 መላሽ 8 ነው፤ የ5 መላሽ 7 ነው። እናት ከአዲስ አበባ የልጃቸውን ሰዓት ወደራሳቸው ለመመለስ በብርዱ ወራት 8፣ በሙቀቱ ወራት 7 ይጨምራሉ። የ6 መላሽ ግን ራሱ 6 ነው። አገር ቤት ያለ ሰው ከሐበሻ ሰዓት ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅም ወደ ሐበሻ ሲሻገር በሁለቱም በኩል ያንኑ ስድስት የሚጠቀመው፣ መጨመር ይሁን መቀነስ ብሎም የማይጨነቀው ለዚህ ነው። ከ12ቱ ሰዓቶች መካከል ሁለት ጊዜ ሲደመር ወደ መነሻ የሚመልስ፣ ከባዶው በቀር፣ እሱ ብቻ ነው።

ግሩፑን ሳይክሊክ የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ አባል ብቻውን፣ ራሱን እየደጋገመ፣ ሁሉንም አባላት ያወጣል። ያ አባል አመንጪ ይባላል። 1 እንደሚያመነጭ ግልጽ ነው። 5ስ? በአምስት በአምስት ሲቆጠር 5፣ 10፣ 3፣ 8፣ 1፣ 6፣ 11፣ 4፣ 9፣ 2፣ 7፣ 12። አንድም ሳይቀር አሥራ ሁለቱም ወጡ። በአራት በአራት ሲቆጠር ግን 4፣ 8፣ 12፤ ከዚያ ወደ 4 ይመለሳል። ሌሎቹ ዘጠኝ ሰዓቶች በዚህ እርምጃ ፈጽሞ አይረገጡም። ስለዚህ ስዊድን ሰዓቷን አንድ በገፋች ቁጥር የልጅቷ ስሌት ከማያመነጭ እርምጃ ወደ አመንጪ እርምጃ ይሸጋገራል ማለት ነው።

ልዩነቱን የሚወስነው ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው፤ ይህን አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል። የ4 እና የ12 ትልቁ የጋራ አካፋይ 4 ነው፤ 12 ለ4 ሲካፈል 3፣ ስለዚህ እርምጃው በ3 ይዘጋል። የ5 እና የ12 የጋራ አካፋይ 1 ብቻ ነው፤ 12 ለ1 ሲካፈል 12፣ ስለዚህ እርምጃው ዐውዱን፣ ማለትም ሙሉውን ዙር፣ ሳይሞላ አይዘጋም። ምክንያቱ አጭር ነው። አምስት ስንት ጊዜ ቢደጋገም ነው በ12 ያለ ቀሪ የሚካፈለው? 5 ከ12 ጋር ከ1 በቀር የሚጋራው አካፋይ ስለሌለ፣ መካፈሉን ማምጣት ያለበት የድግግሞሹ ቁጥር ራሱ ነው፤ ስለዚህ 12 ጊዜ ያስፈልጋል። ከመመለሱ በፊት 12 የተለያዩ ቦታዎች ከተረገጡ፣ ያሉትም ቦታዎች 12 ብቻ ከሆኑ፣ የሚቀር ቦታ የለም። በ12ቱ ሰዓት ላይ አመንጪዎቹ 1፣ 5፣ 7 እና 11 ብቻ ናቸው።

ኖርስቦሪ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር የመጨረሻ ጣቢያ ነው። የቀዩ መስመር 13 ቁጥር ባቡር ከሮፕስተን ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ያልቃል፤ ሹፌሩ ከፊተኛው ክፍል ወደ ኋለኛው ተሻግሮ በመጣበት ይመለሳል። በሰዓቱ ዐውድ ላይ ግን የመጨረሻ ጣቢያ የለም። አንድ እርምጃ ወደኋላ ለመሄድ ለሚፈልግ፣ 11 እርምጃ ወደፊት መሄድ ያንኑ ያደርሰዋል። ቅደም ተከተልም ችግር አይሆንም፤ አባላቱ ሁሉ የአንዱ እርምጃ ድግግሞሽ ስለሆኑ 3 እርምጃን አስቀድሞ 7ን ማስከተልም፣ 7ን አስቀድሞ 3ን ማስከተልም 10 እርምጃ ነው። ቅደም ተከተል የማይለውጣቸው ግሩፖች በ1829 በ26 ዓመቱ በሞተው ኖርዌያዊ የሒሳብ ሊቅ በኒልስ ሄንሪክ አቤል ስም «አቤሊያን» ይባላሉ። ሳይክሊክ ግሩፕ ሁሉ አቤሊያን ነው፤ አቤሊያን የሆነ ሁሉ ግን ሳይክሊክ አይደለም።

ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ በ1801 ባሳተመው የቁጥር መጽሐፉ ቀሪዎችን እንደ ራሳቸው ቁጥሮች አድርጎ ማስላትን ሥርዓት አስያዘው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1854፣ እንግሊዛዊው አርተር ኬይሊ ግሩፕን ከቁጥር ነጻ በሆነ ትርጓሜ ጻፈው። ቀሪን ማስላት ግን ከሁለቱም ብዙ ዘመን ይቀድማል።

ከሰዓት ወደ ወር ይታለፍ። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ነው፤ ለጊዜው ጳጉሜን ወደ ጎን ይቀመጥና ቀኖቹ ከ1 እስከ 30 እየዞሩ ይታሰቡ። በየ12 ቀኑ የሚሳለም ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ በ12 ሚካኤልን፣ ቀጥሎ በ24 ተክለ ሃይማኖትን፣ ቀጥሎ በ6 ቁስቋምን፣ ከዚያ በ18 ኤዎስጣቴዎስን፣ ከዚያ በ30 ማርቆስን ይሳለምና ተመልሶ ከሚካኤል ይደርሳል። ዕድሜ ልኩን ቢመላለስ 21 ማርያምን ወይም 27 መድኃኔ ዓለምን አያገኝም። የ12 እና የ30 ትልቁ የጋራ አካፋይ 6 ነው፤ 30 ለ6 ሲካፈል 5፤ አምስቱ በዓላት ብቻ። በየ11 ቀኑ የሚሳለም ግን 11፣ 22፣ 3 በዓታ፣ 14 አቡነ አረጋዊ፣ 25 መርቆሬዎስ፣ 6፣ 17 እስጢፋኖስ፣ 28 አማኑኤል፣ 9፣ 20፣ 1 ልደታ እያለ ሠላሳውንም ያዳርሳል። 11 ከ30 ጋር የሚጋራው አካፋይ የለውምና።

እነዚያ አምስት በዓላት፣ ማለትም 6፣ 12፣ 18፣ 24 እና 30፣ በራሳቸው ግሩፕ ናቸው፤ ንዑስ ግሩፕ ይባላሉ። ልብ ብሎ ላያቸው የ6 ድግግሞሾች ናቸው፤ በ12 እርምጃ ቢጀመርም ውስጣቸው ያለው አጭሩ እርምጃ 6 ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከሳይክሊክ ግሩፕ የሚወጣ ንዑስ ግሩፕ ሁሉ ራሱ ሳይክሊክ ነው። ለምን ቢባል፣ በንዑስ ግሩፑ ውስጥ ካሉት እርምጃዎች አጭሩ ይወሰድ። ሌላ አባል በዚህ አጭር እርምጃ ተለክቶ ቀሪ ቢተርፈው፣ ያ ቀሪም ከንዑስ ግሩፑ መሆን ይኖርበታል፤ መደመርም መመለስም ከውስጡ አያስወጡምና። ቀሪው ግን ከአጭሩ ያጠረ ነው! ከአጭሩ የሚያጥር እንደሌለ አስቀድሞ ስለተባለ፣ ቀሪ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ሁሉም የአጭሩ ድግግሞሽ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ የ30 አካፋይ፣ ለ1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 10፣ 15 እና 30፣ አንድ አንድ ንዑስ ግሩፕ እንዳለ፣ ከእነዚህም ሌላ እንደሌለ ይረጋገጣል። በዚህ የትምህርት ዘርፍ ከሚገኙት ማስረጃዎች ሁሉ ውብ የሆነው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚፈልገው ቀሪ ያለው ማካፈልን ማወቅ ብቻ ነው።

የሳምንቱ ዐውድ ደግሞ 7 ነው፤ 7 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ስለዚህ በ7 ዐውድ ላይ፣ ከባዶው በቀር፣ የማያመነጭ እርምጃ የለም። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ማለት አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ስለሆነ፣ የወር መባቻ በየወሩ በሁለት ዕለት ይገፋል። 2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ፣ ጥር 1 ዓርብ፣ የካቲት 1 እሑድ፣ መጋቢት 1 ማክሰኞ፤ ሰባቱም ዕለታት አንድ አንድ ጊዜ ከተዳረሱ በኋላ ሚያዝያ 1 እንደገና ሐሙስ። መስከረምና ሚያዝያ በየትኛውም ዓመት በአንድ ዕለት ይብታሉ።

አሁን ወደ ባሕረ ሐሳብ። ትውፊቱ ይህን ስሌት ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለዲሜጥሮስ ይሰጠዋል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 በቪየና ባሳተመው መጽሐፍ የኢትዮጵያን የዘመን ስሌት በሰፊው መርምሮታል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሆነው «ባሕረ ሐሳብ» የተሰኘ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጅተዋል። ስሌቱ ዐውዶችን በስም ይቆጥራል፦ 7 ቀን ዐውደ ዕለት፣ 19 ዓመት ዐውደ አበቅቴ፣ 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ፣ 76 ዓመት ዐውደ ማኅተም፣ 532 ዓመት ዐውደ ቀመር፤ ሌሎችም አሉ። ቀሪ ማውጣትን መምህራኑ «መግደፍ» ይሉታል፤ በሠላሳ ግደፍ ማለት ሠላሳ ሠላሳውን ጥለህ የተረፈውን ያዝ ማለት ነው።

2018 ዓ.ም. ይሠራ። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲጨመር 7518 ነው። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። ዓመቱ ገና ስላልተፈጸመ አንድ ይቀነስና 12 ወንበር ይሆናል። ወንበር በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12፤ አበቅቴ ተገኘ። ወንበር በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ ተገኘ። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25፤ መባጃ ሐመር ይባላል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ሰኞ ነው። ፋሲካ ከነነዌ በኋላ በ69ኛው ቀን ይውላል፤ ከጥር 25 ስድሳ ቀን ሲቆጠር መጋቢት 25፣ ዘጠኝ ሲጨመር ሚያዝያ 4። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 2026 እሑድ።

የቆሎ ተማሪ ይህን በቃሉ ይዞ በጣቶቹ አንጓ ላይ ይሠራዋል። የሳይክሊክ ግሩፕ ትምህርት የሚጨምርለት የሕጎቹን ምክንያት ነው። ለምሳሌ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ናቸው፤ በ2018 ዓ.ም. 12 እና 18። ምክንያቱ 19 በ30 ዐውድ ላይ የ11 መላሽ መሆኑ ነው፤ 11 እና 19 ሠላሳ ናቸውና በማንኛውም ወንበር ቢባዙ ድምራቸው ተገድፎ ያልቃል። ልጅቷ 4 ስትጨምር እናቷ 8 ከሚጨምሩበት ሥራ ጋር አንድ ነው።

አሥራ አንዱ የመጣው ከሰማይ ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወር 354 ቀን፤ ልዩነቱ 11። በየዓመቱ 11 እየተጨመረ በ30 ሲገደፍ፣ ከወንበር 0 እስከ ወንበር 18 አበቅቴው እንዲህ ይሄዳል፦ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6፣ 17፣ 28፣ 9፣ 20፣ 1፣ 12፣ 23፣ 4፣ 15፣ 26፣ 7፣ 18። ቅድም በየ11 ቀኑ ሲሳለም የነበረው ሰው መንገድ ነው! ሳይቋረጥ ቢተው ሠላሳውንም ቁጥር ይረግጥ ነበር። ነገር ግን በ19ኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ይቆረጣል። 19 ጊዜ 11 209 ነው፤ ሰባት ሙሉ የጨረቃ ወራት ለመሆን፣ ማለትም 210 ለመድረስ፣ አንድ ቀን ይጎድለዋል። መምህራኑ ወንበሩን ከ18 ወደ 0 ሲመልሱ ያቺን ቀን ይዘልላሉ፤ ከ18 ወደ 30 የተሄደው 12 እርምጃ እንጂ 11 አይደለም። የላቲን ቀማሪዎችም ይህንኑ የጨረቃ ዝላይ ብለው ያውቁታል። ከአቴንስ ሰው ከሜቶን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ432 ጀምሮ የሚታወቀው የ19 ዓመትና የ235 የጨረቃ ወራት መገጣጠም ይህ ነው።

መንገዱ በመቆረጡ 11 ቁጥሮች አበቅቴ ሆነው አያውቁም። ከእነዚህ አንዱ 16 ነው። አበቅቴ 16 ካልሆነ መጥቅዕ 14 አይሆንም። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ከ14 ሲያንስ በጥቅምት ይውላል የሚለው ደንብ፣ 14 ላይ እኩል ቢሆንስ ተብሎ የማይጠየቀው ለዚህ ነው። ማጣራት ለሚፈልግ፣ 11 በስንት ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 16 እንደሚሰጥ ይፈልግ፤ መልሱ 26 ነው፣ ወንበር ደግሞ ከ18 አያልፍም።

ስዊድንም የዚህ ትምህርት ባለቤት ነበረች። በስዊድን ሙዚየሞች ውስጥ የዓመቱ ቀናት ሁሉ የተቀረጹባቸው ረጃጅም የእንጨት በትሮች አሉ፤ ሩንስታቭ ይባላሉ። በአንዱ ረድፍ ሰባት የሩን ፊደላት ለሰባቱ ዕለታት እየተደጋገሙ ይሄዳሉ። በሌላው ረድፍ የጨረቃን መባቻ የሚያሳዩ 19 ምልክቶች አሉ፤ የቆየው የሩን ፊደል 16 ብቻ ስለነበረ ሦስት አዳዲስ ምልክቶች ተፈጥረው ተጨምረዋል። አውሮፓውያን ይህን ከ1 እስከ 19 የሚዞር ቁጥር ወርቃማ ቁጥር ይሉታል፤ ዓመቱን በ19 ገድፎ 1 በመጨመር ይገኛል። 2026 በ19 ሲገደፍ 12፣ አንድ ሲጨመር 13። የ2018 ዓ.ም. መደብም 13 ነበር። ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ አይደለም። ፋሲካ በሚውልበት ጊዜ የፈረንጁ ዓመት ከኛው በ8 ይበልጣል፤ ወርቃማው ቁጥር ላይ 1 ሲጨመር 9። በኛ በኩል የሚጨመረው 5500 በ19 ሲገደፍም የሚተርፈው 9 ነው። ስለዚህ የኔታ የሚያወጡት መደብና የስዊድን ገበሬ በበትሩ ላይ ያነብ የነበረው ምልክት በየዓመቱ አንድ ቁጥር ናቸው። በኖርስቦሪ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ፣ የሁለቱን አገሮቹን ቅርስ በአንድ ማካፈል ሊያገናኛቸው ይችላል፤ ወላጆች ይህን በጣት ቆጥረው ሊያሳዩት ይገባል።

ዐውዶቹ በቀላሉ የሚቀየሩ እንዳልሆኑ ስዊድን በራሷ ላይ አይታለች። ከጁልየስ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ቀስ በቀስ ለመሻገር በ1700 ፌብሩዋሪ 29ን አስቀረች፤ በ1704 እና በ1708 ግን ሳታስቀር ቀረች። ለአሥራ ሁለት ዓመት ከሁለቱም አቆጣጠሮች በአንድ ቀን ተለይታ ከቆየች በኋላ፣ በንጉሥ ካርል 12ኛ ዘመን፣ በ1712 ፌብሩዋሪ 30 የተባለ ቀን ጨምራ ወደ ጁልየስ ተመለሰች። በ1753 ከፌብሩዋሪ 17 በኋላ ማርች 1 ተብሎ 11 ቀን ተዘሎ ነገሩ አበቃ። በዚህ ሁሉ መሐል የሳምንቱ ዐውድ አልተነካም፤ ፌብሩዋሪ 17 ረቡዕ ነበር፣ ማግስቱ ማርች 1 ሐሙስ ሆነ።

የ28 ዓመቱ ዐውደ ፀሐይ የሚመጣው ከሁለት ዐውዶች ጥምረት ነው፤ ከአራቱ ወንጌላውያን ዓመታትና ከሰባቱ ዕለታት። ተራ ዓመት ዕንቁጣጣሽን በአንድ ዕለት፣ ጳጉሜን 6 የሆነበት የሉቃስ ዓመት ደግሞ ቀጣዩን ዕንቁጣጣሽ በሁለት ዕለት ይገፋዋል። በአራት ዓመት ድምሩ 5 ነው። 5 በሰባት ዐውድ ላይ አመንጪ ስለሆነ ሰባት ጊዜ ሳይደጋገም አይዘጋም፤ አራት ጊዜ ሰባት 28። ከዚህ ላይ 19 ሲመጣ፣ 19 እና 28 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ጥምረታቸው አንድ ትልቅ ዐውድ ይሆናል፤ 19 በ28 ሲባዛ 532። በዚህ ዐውድ ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በአንድ አንድ ሲራመዱ፣ ያሉት 532 ጥንዶች ሁሉ ይጎበኛሉ። በ19 ፈንታ 21 ቢሆን ኖሮ፣ 21 እና 28 ሰባትን ስለሚጋሩ እርምጃው በ84 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ 588 ጥንዶች ቢኖሩም አብዛኞቹ ሳይረገጡ ይቀሩ ነበር። አቤሊያን ሆኖ ሳይክሊክ ያልሆነ ግሩፕ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

በስዊድን የሚኖር ሰው በኪሱ የያዘው ፐርሶንኑመርም በዐውድ ላይ የተሠራ ነው፤ እዚህኛው ዐውድ 10 ነው። የመለያ ቁጥሩ የተጀመረው በ1947 ሲሆን አሥረኛው አሃዝ የተጨመረው በ1967 ነው፤ ሥራው ስሕተትን መያዝ ነው። ዘጠኙ አሃዞች በየተራ በ2 እና በ1 እየተባዙ ይደመራሉ፤ አሥረኛው አሃዝ ድምሩን ወደ አሥር ብዜት የሚያደርሰው መላሽ ነው። ማባዛቱ ያስፈለገው ሁለት ጎረቤት አሃዞች ሲገለባበጡ እንዲታወቅ ነው። ነገር ግን 2 ከ10 ጋር ሁለትን ይጋራል፤ በ10 ዐውድ ላይ አመንጪ አይደለም። 1 እጥፍ ሲሆን 2፣ 6 እጥፍ ሲሆን 12፣ ተገድፎ እንደገና 2፤ 1ን እና 6ን መለየት አልተቻለም። መፍትሔው ውጤቱ ባለሁለት አሃዝ ሲሆን ሁለቱን አሃዞች መደመር ሆነ፤ 12 አንድና ሁለት፣ 3። በዚህ አሠራር ከ0 እስከ 9 ያሉት ሲታጠፉ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ይሆናሉ፤ አሥሩም የተለያዩ። ዘዴውን ያወጣው የአይቢኤም ባልደረባ ሃንስ ፒተር ሉን ነው፤ የባንክ ካርድ ቁጥሮችም በዚሁ ይጠበቃሉ። የሚያመልጠው የጎረቤት መገለባበጥ አንድ ብቻ ነው፦ 09 እና 90።

ወደ ፋሲካው ሲመለስ፣ ሁለቱ አቆጣጠሮች በዐውዳቸው ርዝመት እጅግ ይለያያሉ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የመቶ ዓመት መዝጊያዎች በ400 ካልተካፈሉ ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖራቸው፣ የ28 ዓመቱ ዐውድ በ1900 ተሰብሯል፣ በ2100ም ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ዕንቁጣጣሽ በተለምዶ ሴፕቴምበር 12 መዋል ይጀምራል። ዕለታቱ ተመልሰው የሚገጥሙት በ400 ዓመት ነው፤ 146,097 ቀን በሰባት ያለ ቀሪ ይካፈላልና። የጨረቃው እርማት ሲጨመርበት የጎርጎርዮስ ፋሲካ ሙሉ ዐውድ 5,700,000 ዓመት ይሆናል። የስዊድን ጎረቤት በ2026 ፋሲካን ያከበረው ኤፕሪል 5 ነው፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ከሳምንት በኋላ። የባሕረ ሐሳቡ ዐውድ ግን በ532 ዓመት ይዘጋል። በ2018 ዓ.ም. የዋለው የማርቆስ ዓመት፣ መደብ 13፣ ሐሙስ የገባው መስከረም፣ ጥር 25 የዋለው ነነዌና ሚያዝያ 4 የዋለው ፋሲካ፣ አንድም ሳይለወጥ በ1486 ዓ.ም. ነበሩ፤ በ2550 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይውላሉ።